ግቤን ለሚወጣ ሰው

ስለ ፍቅር ያልገጠመ ገጣሚ የለም። ስለ ጨረቃ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ስደት፣ ስለ እናት ያልተባለ ነገር የቀረ አይመስለኝም። ስለ ራዲያተር የተገጠመ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ከአባቴ ጋር አንድ ሙሉ ቀን አሮጌ ራዲያተር ስናወርድና አዲስ ስንሰቅል ከዋልን ወዲህ፣ ይህ ዕቃ ከብዙ የግጥም ርእሶች ይልቅ ቁም ነገር ያለው ሆኖ ታይቶኛል። አንባቢ ሆይ፣ ታገሠኝ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ ማታ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ። መካኒክነት የለሁበትም።

መኪናዋ ላንድ ክሩዘር ናት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ይሠራው የነበረው «60» የሚባለው ዓይነት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,000 ሲሲ የሚጠጋ የናፍጣ ሞተር ያላት። አባባ የመንግሥት ሹፌር ሳሉ የወባ መከላከያ መድኃኒት ረጪዎችን ወደ ግቤ ሸለቆ ያመላለሱባት እሷው ናት። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲያወጣ፣ ለቤት ማደሻ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ሄደው ገዟት። እማዬ ያን ዓመት ጣራው ሲያፈስ ባልዲ እየደረደረች፣ «ይኸው ላንድ ክሩዘሩ ይንጠባጠብልኛል» ትል እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን መኪናዋ የቤቱ አንድ ሰው ሆነች። ለሠርግም ለለቅሶም ትጠራለች። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ዘመድ ጥየቃ ወደ ጅማ ይዛን ትወርድ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባባን ዓይን ግላኮማ ያዘው። ሐኪሙ ሥዕል እየሣለ ሲያስረዳ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። ዓይን በውስጡ ውሃ መሰል ፈሳሽ ያመነጫል፤ ፈሳሹ በጠባብ መውጫ በኩል እየተጣራ ይወጣል። መውጫው ሲደፈን ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳል። የተጎዳው አይመለስም፤ ጠብታውም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው። አባባ ሥዕሉን አላዩትም። ጆሯቸውን ሰጥተው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣

«ገባኝ። ራዲያተሩ ደፍኗል ነው የምትለኝ» አሉት።

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ አልጨበጡም።

ጠብታው በየወሩ ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ እኔ በመስኮቴ በኩል ለደንበኛ ሁሉ ቁጥሩን ሳስረዳ እውል ነበር። ማታ ደግሞ ያው ቁጥር በጠብታው ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀኛል። ቀዶ ሕክምናው ሲወሰን፣ መኪናዋ ትሸጥ ያሉት ራሳቸው አባባ ናቸው። እኛ ልጆቻቸው ቃሉን ከአፋችን ለማውጣት ፈርተን ለወራት ስንዞረው የነበረውን ነገር፣ እሳቸው ምሳ ላይ እጃቸውን እየታጠቡ ተናገሩት። «የቆመ መኪና እንደ ቆመ ሰው ነው፤ እግሩ ይያዛል» አሉ። ሌላ ቃል አልተጨመረበትም።

ደላላ መጣ። ደላላው ደስተኛ ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌዎቹ ፈላጊ እንደጨመረ ነገረን። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ሞተሩ ሲነሣ እንደ ጥሩ ዜማ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የራዲያተሩን ሆድ ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። አረንጓዴና ነጭ ቅርፊት የጋገረበት፣ እዚህም እዚያም በእርሳስ የተበየደ፣ ከታች ጠብ ጠብ የሚል ራዲያተር ነበር። ከተማ ውስጥ፣ በሜዳው፣ መኪናዋ ምንም አትልም። ዳገት ሲመጣ ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ይነሣል።

«ይህ ምንም አይደለም፣ አባቴ» አለ ደላላው። «ፍሳሽ የሚያቆም ዱቄት አለ፤ ውሃው ውስጥ መጨመር ነው። ሦስት ሳምንት ይይዛል። እስከዚያ ድረስ እኮ ስም ዞሮ፣ ገንዘቡ ኪስ ገብቶ …»

«ገዢው ማን ነው?» አሉ አባባ።

«ጅማ አካባቢ ቡና የሚነግድ ሰው ነው። ቤተሰቡንም ዕቃውንም የሚጭንበት ይፈልጋል።»

«እንግዲያው በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹን ይዞ ግቤ ላይ ሊቆም ነው።»

ደላላው ዝም አለ። አባባም ዝም አሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሄደ ሰው የግቤን ቁልቁለትና ዳገት ያውቀዋል። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ አየሩ ይወፍራል፤ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። ድልድዩን ተሻግሮ መውጣት ሲጀመር ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ጭነቱን ተሸክሞ፣ በሙቅ አየር ውስጥ ያቃስታል፤ መኪናዋ ቀስ ስለምትል በፊት በኩል የሚገባው ነፋስም ያንሳል። የታመመ ራዲያተር የሚጋለጠው እዚያ ነው። አባባ ያንን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጡት አይቆጥሩትም፤ የቆሙበትን ጊዜ ግን አንድ በአንድ ይነግሩኛል። አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር እንቁላል ከምትሸጥ ሴት አራት እንቁላል ገዝተው፣ አስኳሉን ለይተው ነጩን ራዲያተሩ ውስጥ አፍስሰው፣ ረግቶ ቀዳዳውን ስለደፈነላቸው ጅማ ገብተዋል። አስኳሉንስ ምን አደረጋችሁት ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ረጪዎቹ ጠብሰው በሉት» አሉኝ።

«ራዲያተሩ ተቀይሮ ነው የምትሸጠው» አሉ በመጨረሻ። «የምንቀይረውም እኛ ነን። እጄ ያውቀዋል።» እጃቸውን ሲያነሡ፣ እጁ የሚያመለክተው ወደ እኔ ነበር።

የተበየደ ራዲያተር ተከፍቶ ሊጸዳ፣ ቱቦው በዘንግ ሊጠረግ ይችላል። በመጀመሪያ ያሰብነውም ይህንን ነበር። ራዲያተር የሚሠራ ሰው ውሃ አፍስሶበት አየና፣ ከሦስት ቱቦ አንዱ በዝገትና በውሃ ጨው እንደተዘጋ፣ ስሱ የመዳብ ቅጠልም በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ እንጀራ እንደሚፈረፈር አሳየኝ። የመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ፍለጋ የሚገባበት ሰፈር ነው፤ እኔም በሁለት ቅዳሜ ከሰዓት አዳረስኩት። ቀላልና ርካሽ የሆነው አዲሱ ዓይነት ሆዱ አሉሚኒየም፣ ራሱና እግሩ ፕላስቲክ ነው። አባባ በስልክ፣ «ፕላስቲኩን ተወው፤ መዳብ ከተሰነጠቀ ገጠርም ቢሆን የሚበይድ አይጠፋም፣ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ መቃብሩ እዚያው ነው» አሉኝ። መዳቡን ገዛሁ። ዋጋውን አልጽፈውም፤ የአንድ ወር ደመወዜን ጠቅልሎ በልቶ ዓይኑን ወደ ሁለተኛው ወር አዞረ ማለት ይበቃል። በሚኒባስ ይዤው ስመለስ ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። አልተከራከርኩም፤ ራዲያተሩ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል ተቀምጠን ጉለሌ ደረስን።

ሚያዝያ 27 ቀን ሰኞ ነበር። የድል በዓል ስለሆነ ባንክ ዝግ ነው። እማዬ መድኃኔዓለምን ልትሳለም በጠዋት ወጥታለች። አባባ ዱካቸውን ከመኪናዋ ግንባር ፊት አስቀመጡና፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ቀዶ ሕክምና የሚያዝ ሐኪም መስለው ተቀመጡ። የጎረቤታችን ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ዕቃ አቀባይ ሆነ።

መጀመሪያ ክዳኑን ነው የተናገሩት። «እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ቀዝቅዟል? ጨርሶ?» መኪናዋ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሣችም፤ ያንን እሳቸውም ያውቃሉ። ቢሆንም እጄን አድርጌ፣ ቀዝቅዟል እስክል ድረስ አልተረጋጉም። በቀኝ ክንዳቸው ላይ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን የሚደርስ፣ የተጨማደደ ጠባሳ አለ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቸኳይ ረዳት ግቤ ዳገት ላይ የፈላ ራዲያተር ክዳን ከፍቶ ነው፤ አባባ ልጁን ገፍተው ሲያድኑ ውሃው በእሳቸው ላይ ዐረፈ። ነገሩ የፊዚክስ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በአዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ92 ዲግሪ ይንተከተካል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ተራ ክዳን አይደለም፤ በውስጡ ሞላ አለው። ውሃውን ተጭኖ ይይዘዋል። በእኛ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ በውጭ ካለው አየር በላይ 0.9 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ አያስተነፍስም ማለት ነው። በዚህ ግፊት ሥር ያለ ውሃ በእኛ ከፍታም ቢሆን ከ110 ዲግሪ ካላለፈ አይፈላም። ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ሰው ግፊቱን በአንድ ጊዜ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ በትዕግሥት ተይዞ የነበረው ውሃ ሁሉ በቅጽበት ፈልቶ ይወረወራል።

ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈታሁት። የወጣው ፈሳሽ የሻይ መልክ ነበረው፤ በሳፋ ተቀበልነው። አባባ ሳፋውን ወዲያውኑ በጣውላ አስከደኑት። በውስጡ የሚጨመረው ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ ግን መርዝ ነው፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ኩላሊቱም አይተርፍም። የሠፈራችን ውሻ በእርግጥም ከበሩ ሥር አፍንጫውን አሹልኮ ነበር። ፈሳሹን በጀሪካን ሞልተን ከአንድ ጋራዥ የቃጠሎ ዘይት ጋር እንዲቀመጥ ሰጠነው እንጂ ቦይ ውስጥ አላፈሰስነውም።

የላይኛውና የታችኛው የጎማ ቱቦ በዕድሜ ብዛት ከመዳቡ ጋር ተጋብተዋል። አዲስ ስለገዛን አሮጌዎቹን በምላጭ ሰንጥቀን አወጣናቸው። የማራገቢያውን መከለያ ከራዲያተሩ ፈትተን ወደ ሞተሩ ገፋ አደረግነው። አራት ብሎኖች ቀሩ። ሦስቱ በ12 ቁጥር መፍቻ ተፈቱ። አራተኛው እምቢ አለ።

«አትታገለው። ቢሰበር ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለህ። ላምባ አንጠባጥብበትና ቡና እንጠጣ።»

ላምባው ወደ ክሮቹ እስኪሰርግ ድረስ ቁጭ አልን። በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው ለቃል የሚደክም ሰው ጆሮ የሚነቃው። ልጁ «ካቻቢቴ ላቀብል? ፒንሳ?» ሲል ሰማሁና ሳቅ መጣብኝ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኮፈን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ … ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው ጦር በ1933 ዓ.ም. በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ሲገቡ ተሸንፎ ነበር፤ ቃላቱ ግን እጃቸው በዘይት የጠቆረ ሰዎች ጋ ተሸሽገው ቀሩ። አሁን የማንም አይደሉም፤ የእኛው ናቸው። ዘመኑን ለልጁ ስነግረው «ቲቸር፣ ዛሬ እረፍት አይደለም እንዴ?» አለኝ። አስተማሪ እንዳልሆንኩ መንገር አላስፈለገኝም።

ያን ጊዜ በኪሴ ከነበረ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ አራት ስንኝ ጻፍኩ።

ደረቱን ለነፋስ ከፍቶ እየኖረ፣
የሌላውን እሳት ተሸክሞ አደረ፤
ሞተሩ ቢዘፍንም፣ ጎማው ቢከንፍም፣
ውሃ ካልደከመ መንገድ አይታለፍም።

አባባ «ምን ትጽፋለህ?» አሉ፤ የብዕሩን ድምፅ ሰምተዋል። አነበብኩላቸው። ግጥም ሳነብላቸው በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው የስምንተኛ ክፍል የወላጆች በዓል ላይ ነበር። ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መልሰው ትንሽ ቆዩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። ቀጥለው፣ «ቴርሞስታቱን ግን አላነሣኸውም» አሉ።

ብሎኑ ተፈታ። በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል ወፍራም ካርቶን አስገብተን፣ ሁለት ሆነን ቀጥ አድርገን ወደ ላይ አወጣነው። መሬት ላይ ሲቀመጥ ከቅጠሎቹ መካከል አቧራ፣ የተጨፈለቀ ነፍሳት፣ የወፍ ላባ፣ የደረቀ የሣር ዘር ረገፈ። አባባ ጎንበስ አሉና ጣቶቻቸውን በመዳቡ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ እያሉ አሳለፉ። የተበየደበት ቦታ ሁሉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። «ይህ ወልቂጤ ነው። ይህ ሰኮሩ። ይህንን አላውቀውም … አዎ፣ ይህ አንተ የተወለድክ ዓመት ነው።» እኔ ልጽፍ አልጻፍኩም። የሣር ዘሩን አንሥተው በጣታቸው አሽተው አሸተቱት፤ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ በካፖርታቸው ኪስ ከተቱት።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። «በመድኃኔዓለም ቀን ብረት ትቀጠቅጣላችሁ?»

«አልቀጠቀጥንም። ፈታን እንጂ» አሉ አባባ።

ያኔ ነው ድስት የለመንናት። ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የተቀመጠች ትንሽ በር ናት፤ ሞተሩ ብርድ ሳለ ተዘግታ ውሃውን ታቆያለች፣ ሲሞቅ ተከፍታ ወደ ራዲያተሩ ትለቀዋለች። አዲስ ብትሆንም ሳይፈትኑ ማስገባት አባባ አይወዱም። ከአንድ ኬሚስትሪ አስተማሪ ጎረቤታችን ቴርሞሜትር ተዋስኩ፤ ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥለን ውሃ ውስጥ አስገባናት። በ82 ዲግሪ ከንፈሯን ከፈት አደረገች። ሙሉ በሙሉ የምትከፈተው 95 ላይ ነው ይላል ማኑዋሉ፤ ይህንን ግን በእማዬ ድስት ልናየው አንችልም፣ ውሃችን 92 ላይ ፈልቶ ያልቃልና። ለካ ሐሳቧ ሌላ ነበር፤ እማዬ «ባቄላስ ለምን ይሆን ይህን ያህል እንጨት የሚፈጀኝ እያልኩ!» አለችና ድስቱን ተመለከተችው። ድስቱ ወደ ማድ ቤት እንዳይመለስ ግን ወዲያው ፈረደችበት።

አዲሱን መስቀል ከማውረዱ ቀለለ። ቀዳዳዎቹን ከመግዛቴ በፊት በክር ለክቼ ስለነበር አራቱም ብሎን ቦታውን አገኘ። ቱቦዎቹ ገቡ፤ ማሰሪያዎቻቸው ጠበቁ። ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል አደባልቀን፣ የማሞቂያውን ማንሻ ወደ ሙቁ አድርገን፣ ክዳኑን ሳንገጥም ሞተሩን አስነሣነው። አየር በቱቦዎቹ ውስጥ ከታፈነ ውሃው የሚዞር ይመስላል እንጂ አይዞርም፤ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። አረፋው ብልጭ ብልጭ እያለ ይወጣል፣ ውሃው ዝቅ ይላል፣ እንሞላለን።

አባባ ተነሡ። የሞተሩን ድምፅ ተከትለው፣ አንድም ነገር ሳይነኩ፣ ቀኝ እጃቸውን ቀጥታ በላይኛው ቱቦ ላይ አሳረፉ። ከማራገቢያው አንድ ክንድ ያህል ይርቃል። ልይዛቸው ብዬ ተንቀሳቀስኩና ተውኩት። ቱቦው ቀዝቃዛ ነው፤ ሞተሩ ይሠራል፤ ቱቦው አሁንም ቀዝቃዛ ነው። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ልጁ ሊሰለች ሲል የአባባ ፊት ተለወጠ።

«መጣ» አሉ።

በሯ ተከፍታለች። እጃቸውን ሳያነሡ የግራ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፣ መዳፌን ያዙና በቱቦው ላይ ከእሳቸው እጅ አጠገብ አስቀመጡት። ጎማው ከሥር ከሥር እየሞቀ፣ በውስጡም ውሃው ሲያልፍ ይሰማል። ልጅ ሳለሁ መንዳት ሲያስተምሩኝ ማርሹ ላይ እጃቸውን በእጄ ላይ ከደረቡበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ተያይዘን የቆምን አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን። ግቤ ሩቅ ነው፤ ለሙከራ የሚበቃ ዳገት ግን ከደጃችን አለ። እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ይሳሳል፣ ዳገቱ አያስተነፍስም። ሆን ብዬ በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው፣ «አሁንስ?» ይላሉ። መርፌው ከመካከል ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆሟል። «አሁንስ?» እዚያው ነው። በባሕር ዛፉ መካከል ስንጠማዘዝ መጠየቃቸውን ተዉ፤ ድምፁን ብቻ ይሰማሉ። ማርያም ደጃፍ ስንደርስ አቆምኩ። ወርደው፣ በእጃቸው ኮፈኑን እየተደገፉ ወደ ፊት ሄዱና መዳፋቸውን ከግንባሯ ፊት አደረጉ። ሞቅ ያለ አየር ይወጣል፤ ከሥሩ ግን አንድ ጠብታ አልነበረም። እኔም ጎንበስ ብዬ ሁለት ጊዜ አየሁ።

ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ወረቀትና ብዕር አምጣ አሉኝ። ለገዢው የሚሰጥ ነው። እሳቸው እየነገሩኝ፣ እኔ ባንክ ውስጥ በምጽፍበት ጥንቁቅ ጽሕፈት ጻፍኩት፤ ራዲያተሩ የመዳብ ነው፤ የተቀየረው በ27/8/2017 ነው፤ ቴርሞስታቱ 82 ነው፤ ውሃ ብቻ እንዳይጨመር፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ኩላንቱ ይለወጥ፤ ቺንጋው ደኅና ነው፣ ግን ክረምት ሳይገባ ይታይ። ክዳኑ በትኩሱ እንዳይከፈት፤ ይህን ሁለት ጊዜ ጻፈው አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ግቤን ሲወጣ ሞተሩ እስኪጨነቅ ሳይጠብቅ ማርሹን አስቀድሞ ይቀንስ። የኋላው ግራ በር ከውስጥ በኩል ገፋ ካላደረጉት አይከፈትም። ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ ትንሽ ታንገራግራለች፤ ልማዷ ነው፣ በሽታ አይደለም።

«ሌላስ፣ አባባ?»

አሰቡ። «ዝናብ ሲመጣ ትወዳለች። እሱን ግን አትጻፈው።»

አልጻፍኩትም። ከግርጌ ስማቸውን ጻፍኩ። ብዕሩን ተቀብለው፣ በግራ እጃቸው የወረቀቱን ዳር ዳበሱና፣ ጣታቸውን ባሳረፍኩላቸው ቦታ ላይ ፈረሙ።